በቃል ያለ፣ በዲስክ ያለ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህቺን አባባል ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኳት እንጃ። ልኳን ያወቅኩት ግን ከአሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተርም እንደኛው ቃልና መጽሐፍ አለው። ሜሞሪው ቃሉ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ዲስኩ መጽሐፉ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበት ይቆያል። ሰው የሚጎዳው ታዲያ ከቃሉ ወደ መጽሐፉ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1981 ብቅ ያለው የአይቢኤም ፒሲ በጠቅላላው ሊደርስበት የሚችለው የሜሞሪ ስፋት አንድ ሜጋባይት ነበር። ከዚያ ላይ 384 ኪሎባይቱ ለስክሪንና ለማሽኑ የውስጥ ጉዳይ ተከልሎ ለፕሮግራሞች የሚቀረው 640 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ትበልጣለች። በኋላ 4 እና 8 ሜጋባይት ያላቸው ማሽኖች ሲመጡም በዶስ ለሚሠራ ሰው ዋናው ግቢ ያው 640 ነበር።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ አከፋፈሉን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው «ኮንፊግ ሲስ» የሚባል ፋይል ነበር፤ ከመስመሮቹ አንዷ «ባፈርስ=20» ትላለች። ባፈር ከዲስክ የመጣ ወይም ወደ ዲስክ የሚሄድ ነገር ለጊዜው የሚያርፍበት የሜሞሪ ቁራጭ ነው። ባለሙያ ሴት ለእያንዳንዷ ማንኪያ በርበሬ ጓዳ አትመላለስም፤ ጥቂቱን በትንሽ ዕቃ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች። ባፈርም እንደዚያው ነው። አንዱ ባፈር ከግማሽ ኪሎባይት ጥቂት ከፍ ይላል። ቢያንሱ ዲስኩ ሲንገጫገጭ ይውላል፤ ቢበዙ ደግሞ የመጻፊያው ፕሮግራም «ሜሞሪ አልበቃኝም» ብሎ አልነሳም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዶስ 5 የራሱን አካል በከፊል ከአንድ ሜጋባይት በላይ ወዳለው ቦታ ማውጣት ሲችል እፎይ ያልን ብዙ ነን። እስከዚያ ድረስ አምስት ስድስት ኪሎባይት ለማትረፍ ማሽኑን አሥር ጊዜ እያጠፉ ማስነሳት የተለመደ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የዲስክ ካሽ የሚባሉ ፕሮግራሞች ተበራከቱ። ከላይኛው ሜሞሪ አንድ ሁለት ሜጋባይት ይይዙና ከዲስክ የተነበበውን ከዚያው ያቀብላሉ። አንዳንዶቹ ለመጻፍም ጊዜ ይወስዳሉ። «አስቀምጥ» ሲባሉ «እሺ፣ ተቀምጧል» ይላሉ፤ በእውነቱ ግን ጽሑፉን በቃላቸው ይዘው ዲስኩ ላይ የሚያሰፍሩት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው። ለፍጥነቱ ወደር የለውም። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ።

በ1987 ዓ.ም. ገደማ እሠራበት በነበረ አንድ ተቋም፣ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር ከየገጠሩ የሰበሰቡትን ቃል ግጥም ጸሐፊያችን ትተይብላቸው ነበር። እትዬ ነው የምንላት። የማስታወሻ ደብተሮቹ ነበሩ፤ ጋሼ አጠገቧ ቁጭ ብለው በቃል ያስጻፏት ማብራሪያ ግን ያለው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው። መገልበጫ ፍሎፒ ከግምጃ ቤት ተጠይቆ ገና አልመጣም። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አስቀምጪ፤ ከፕሮግራሙ ውጪ፤ የዶስ ምልክት ሲመጣ አጥፊ» ይላል።

አንድ ዓርብ ማታ ሰርቪስ ጥሩምባውን ሲነፋ አስቀመጠች፤ ወጣች፤ ምልክቱን አይታ አጠፋች። ሰኞ ጠዋት ፋይሉ አልከፈትም አለ። ዲስኩ ሲመረመር የተገኘው ቁርጥራጭ ነው፤ የሠርግ ዘፈኑ ስንኝ ከሙሾው ጋር ተደባልቋል።

«ሳታስቀምጥ አጥፍታው ነው» ተባለ።

«ኧረ አስቀምጫለሁ! ምልክቱን አይቼ ነው ያጠፋሁት» ብትል ማን ይስማት? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ግልባጩ ለግል ማኅደሯ። ማሽኑን ያሰናዳው ማን ነው፣ ምን አስገባበት ብሎ የጠየቀ የለም። ከሳምንታት በኋላ የካሹን መመሪያ አግኝቼ ሳነብ ነገሩ ፍጥጥ አለ፤ ምልክቱ የሚመጣው ጽሑፉ ዲስክ ላይ ከማረፉ በፊት ነው። እትዬ የታዘዘችውን አንድም ሳታጎድል ፈጽማለች። መመሪያውን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። አንብበው ሲጨርሱ «ደብዳቤው እኮ ወጪ ሆኗል» አሉኝ። በታይፕ የተመታ ወረቀት ባፈር የለውም፤ ወዲያው ነው የሚቀመጠው።

ጋሼ ግን ይህንን በሰሙ ማግስት ወንበር ስበው እትዬ አጠገብ ተቀመጡና «በይ እንግዲህ፣ ካስታወስኩት እንጀምር» አሏት። የተመለሰው ተመለሰ። ያልተመለሰውም ብዙ ነው።

የሙያው ሰዎች ችግሩን አላጡትም። እ.ኤ.አ. በ1993 መገባደጃ ከወጣው ዶስ 6.2 ጋር የመጣው ካሽ የያዘውን ጽፎ ሳይጨርስ ምልክቱን እንዳይመልስ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዊንዶውስ 10 እትም ደግሞ ለፍላሽ ዲስክ ወዲያው መጻፍን መደበኛ አድርጎታል። እንዲያም ሆኖ መጠባበቁ ፈጽሞ አልቀረም፤ ፍላሹን ከመንቀል በፊት «አስወጣ» የምትለውን መጫን ዛሬም አይከፋም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋበት ተማሪ ወይም መዝገብ የጠፋባት ሠራተኛ «አስቀምጬ ነበር እኮ» ስትላችሁ፣ ደብዳቤው ወጪ ከመሆኑ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ማሽኑ «ተቀምጧል» ሲል የት ነበር ያስቀመጠው?