«ዩ» ማለት አንተ ነውን?

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔም በገዛ ትምህርቴ የተፈረደብኝን አንድ ቀን ለአንባቢዎች ላጫውት።

አባቴ ስለ መሬታቸው ጉዳይ ከገጠር መጥተው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዣቸው ሄድሁ። ተራችን ደርሶ ወደ መስኮቱ ስንጠጋ ወጣቱ ጸሐፊ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «አንተ፣ ማመልከቻህን አምጣ» አላቸው። አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ልቈጣው ጠጋ ስል ቀና ብሎ አየኝና ከወንበሩ ብድግ አለ፤ «መምህር! እርስዎ ነዎት እንዴ?» የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ሰባ ዓመት ለሞላቸው ሽማግሌ «አንተ»፤ ሠላሳ ዓመት ላልሞላኝ ለእኔ «እርስዎ»!

ለብቻው ጠርቼ ብወቅሰው እንደ መቀለድ ብሎ፣ «በእንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ዩ አይደለም ወይ? ዩ ማለት አንተ ማለት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በመጀመሪያው ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲሁ ብዬ ጽፌ ነበር።

ነገር ግን ትምህርቴ ጐደሎ ነበር። በእንግሊዞች ዘንድ ጥንት ለአንድ ሰው የሚነገረው ቃል «ዛው» ነበር፤ «ዩ» የብዙዎች ነው፤ ማለት «እናንተ»። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግን የፈረንሳዮችን ልማድ ተከትለው ትልቁን ሰው አንዱን እንደ ብዙ ቈጥረው «ዩ» ይሉት ጀመር። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «አባቴ መጡ» ስንል ግሡ «ሰዎቹ መጡ» ከምንለው አይለይም። እንግዲህ ጌታና ሹም «ዩ» ሲባሉ ሎሌና ሕፃን «ዛው» ይባሉ ነበር። በኋላ ሰው እንዳይቀየም እየተባለ ለሁሉም «ዩ» ማለት ተለመደ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ «ዛው» በጸሎት፣ በግጥምና በአንዳንድ የባላገር አነጋገር ብቻ ቀረ።

በዚያው መቶ ዘመን የጆርጅ ፎክስ ተከታዮች የሆኑት ኩዌከሮች፣ በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም መኰንኑንም «ዛው» ይሉ ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ተደበደቡ። እነርሱ እኩልነትን የፈለጉት ሁሉንም «አንተ» በማለት ነው። የሕዝቡ ልማድ ግን ሁሉንም ወደ «እርስዎ» ከፍ አደረገ። ስለዚህ በቃሉ ጥንት ከሄድን፣ እንግሊዛዊ ልጁን እንኳ አንቱ ይለዋል እንጂ አባቱን አንተ አይልም።

«አንተ» ክፉ ቃል ነው ማለቴ አይደለም። እናት ልጇን፣ ጓደኛም ጓደኛውን በፍቅር ይጠራበታል። በጸሎታችን ፈጣሪን አንተ እንላለን፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም «ዛው» ይለዋል። ይህ የቅርበት አንተ ነው። የመስኮቱ አንተ ግን የንቀት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን ተቀይመው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ጉዳዬን ከፈጸመልኝ አንተ ቢለኝ ምን ቸገረኝ ልጄ?» አሉኝ። ይህ ከስድቡ ይልቅ አሳዘነኝ። ወረቀታቸው በዚያው ቀን የተፈረመው እኔ አብሬያቸው ስለ ነበርሁ ነው። አስተማሪ ልጅ ያልያዙ ሽማግሌዎች ግን ከኋላችን ተሰልፈው ቀርተዋል።

እኔ ዛሬ በመጀመሪያው ትምህርት ከ«ዩ» አጠገብ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብዬ አራቱንም እጽፋለሁ። በየመስኮቱ የምትቀመጡ ወጣቶችም «እርስዎ» ለማለት ገንዘብም ፊርማም አያስፈልግምና፣ ቀና ብላችሁ ማን እንደ ቆመ እዩ።