ሁለት ጉርድ ፎቶ

ስለ ሴቶች እኩልነት በተነሳ ቁጥር «ሕግ ወረቀት ነው፤ ባህሉ ካልተለወጠ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። ወረቀቱን ይዞ የሚሟገት ሰው ሲገኝ ምን እንደሚሠራ በአገራችን አይተናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻ፣ በንብረት፣ በውርስና በመሬት ከወንድ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአንቀጽ 9 ደግሞ ከእሱ የሚቃረን ሕግም ሆነ ልማድ ዋጋ እንደሌለው ተናገረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ወዲያው አልተነካም። በዚያ ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች፣ የጋራ ሀብታቸውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ ትዳራለች። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው በ1992 ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሚስት በሕገ መንግሥቱ እኩል፣ በፍትሐ ብሔሩ ታዛዥ ሆና ኖረች ማለት ነው። ያ ሕግ በራሱ ጊዜ አልተሻሻለም፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላትና ሌሎች ብዙ ሴቶች አንቀጽ 35ን ይዘው ስለወተወቱ እንጂ።

ጠለፋም እንዲሁ። አበራሽ በቀለ ገና በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በመግደሏ በነፍስ ግድያ ተከሳ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ጊዜው የወንጀል ሕግ የተጠለፈችው ልጅ «ፈቅዳ» ካገባችው ጠላፊው አይከሰስም ነበር። ፈቃዱ እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰብ ስሟ እንዳይጠፋ ይፈራል፣ ልጅቱ ዝም ትላለች። ያ ማምለጫ የተዘጋው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። በትግራይ መጀመሪያ የተሰጠው ደብተር በቤተሰቡ ኃላፊ፣ ባብዛኛው በአባወራው፣ ስም ብቻ ነበር። በአማራ ክልል የባልም የሚስትም ስም ተጻፈ፣ የሁለቱም ጉርድ ፎቶ ተለጠፈ። በፍቺ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ «እህል ይሰጣትና ወደ አባቷ ቤት ትሂድ» ሲል፣ ሴትዮዋ ከሳጥኗ አውጥታ የምታሳየው ነገር አገኘች። ባህሉ እስኪለወጥ አልተጠበቀም፤ ባህሉን የሚሞግት ማስረጃ ቀድሞ እጇ ገባ።

አሁን የሚያሳስበኝ አፈጻጸሙ ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት የፈረደላት ሴት መሬቷን የባሏ ወንድሞች ቢያርሱባት ደብተሯን ይዛ ወዴት ትሂድ? የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘመዳቸው፣ ሚሊሻው አበልጃቸው ሊሆን ይችላል። ፍርዱን መሬቷ ድረስ ሄዶ የሚያስፈጽምላት ሰው፣ ለእሱም በጀት፣ ለእሷም ያለ ክፍያ የሚቆምላት ጠበቃ ያስፈልጋል። የሴቶች ቀን ሲደርስ ከአዳራሹ ንግግር በፊት የየወረዳው አስተዳዳሪ ስንት የሴቶች ፍርድ ሳይፈጸም እንደቀረ ቆጥሮ ይንገረን።