ጢስ የሌለው መኪና

ሠፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ላይ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ የተነሣ መሆኑን ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፥ የቤንዚን ማደያን ትቶ ከሽቦ ጋር የተወዳጀ መኪና መጥቶብናል። «መጥቶብናል» ያልሁት በምክንያት ነው፤ አጎቴ ጎፋ በሚገኝ ጋራዥ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ናቸውና።

እንደሚታወቀው ስመ ጥሩው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተር፥ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሂዩንዳይ አዮኒክ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና እዚሁ አገር ገጣጥሞ አሳየ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። መኪና ሠሪዎች በየአገሩ አየሩን አናቆሽሽም ይላሉ፤ ነገር ግን ጢስ ማውጫው ስለ ቀረ ብቻ ቃላቸው ተፈጸመ ማለት አይቻልም። መኪናው የሚሞላው መብራት ከድንጋይ ከሰል የመጣ እንደ ሆነ፥ ጢሱ ከመንገድ ወደ ኃይል ማመንጫው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በዚህ በኩል አገራችን ዕድለኛ ናት፤ ከመብራታችን ከ90 በመቶ የሚበልጠው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ተጨምሮልናል።

አጎቴን «ጋሼ፥ ይህ ነገር እንጀራዎን አይነካም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፥ «ዘይት የማይቀየርለት፥ ፒስተን የሌለው ሞተር ምኑ ይፈታል? ፍሬንና ጎማ ግን አይቀርም፤ እርሱን እንሠራለን። እኔን ያሳሰበኝ ባትሪው ነው፤ የሞተ ዕለት ማን ይቀበለዋል?» አሉኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው። የሊትየም ባትሪ መኪና መጎተት ሲያቅተው የፀሐይ ኃይል ለማጠራቀም ገና ይበቃል፤ ከዚያም ሲደክም በውስጡ ያለውን ኒኬልና ኮባልት ለይቶ አውጥቶ ለአዲስ ባትሪ ማዋል ይቻላል። እንዲሁ ተጥሎ ቢቀጠቀጥ ግን እሳት ያስነሣል። ከክፍለ ከተማችን ብዙ የማይርቀው የቆሼ ቆሻሻ ክምር በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰው መፍጀቱን የሚያስታውስ፥ ይህን ነገር ለነገ አያሳድረውም። ስለዚህ መኪናውን የሚገጣጥም ሁሉ በሚሸጥበት ጊዜ አሮጌውን ባትሪ መልሶ ለመረከብ ውል ቢገባ፥ የጎፋንና የሳሪስን መካኒኮችም አፈታቱን ቢያስተምር እወዳለሁ።

አጎቴ ለትምህርቱ ዝግጁ ነኝ ብለዋል። የሚሠራበት ጓንት ወፍራም ላስቲክ መሆን እንዳለበት እንኳ ከወዲሁ ጠይቀው ተረድተዋል፤ ዋጋውን ግን አልወደዱትም።