ርካሽ ትኬት፣ ውድ ነፍስ

«በዚህ ዋጋ የሚበር አውሮፕላን ነዳጁን ከየት ያመጣል?»

እናቴ ይህን የጠየቀችኝ ለንደን፣ እኔ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ነው። ሚላኖ የምትኖረው እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ እየተቃረበ ነበር። ክርስትና ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ተብሎ የሚገፋ ቀጠሮ አይደለም። በባቡር እንዳንሄድ ፓሪስ ላይ መቀየር አለ፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ስልኬ ላይ ግን ከለንደን ስታንስቴድ እስከ ቤርጋሞ ለአንድ ሰው 24 ፓውንድ ይላል። ለንደን ውስጥ ሁለት ሰው ደህና እራት የማይበላበት ገንዘብ ነው።

«ርካሽ ጫማ ቢቀደድ በባዶ እግር ይኬዳል» አለች ስኒዋን አስቀምጣ፤ «ርካሽ አውሮፕላን ቢበላሽስ በምን ይወረዳል?»

ምናልባት እርስዎም ርካሽ ትኬት አይተው ጣትዎ «ግዛ» የሚለው ላይ ሲደርስ ልብዎ «ተው» ብሎዎት ያውቅ ይሆናል። የእናቴ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት፣ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 ከመሬት በለቀቀ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ የነበሩበት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። እናቴ ዜናውን የሰማችው ከቅዳሴ ስትመለስ ነው። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን በተሳፈረች ቁጥር ከመሬት ከተነሳ ጀምሮ ሰዓቷን እያየች ስድስት ደቂቃ ትቆጥራለች። ከአዲስ አበባ ለንደን ስትመጣም ቆጥራለች። ያኔ ግን «የሚያበሩት የእኛው ልጆች ናቸው» ብላ ተጽናንታ ነበር። የአሁኑን ማን እንደሚያበረው አታውቅም፤ የምታውቀው ርካሽ መሆኑን ብቻ ነው።

ዋጋው በምን ረከሰ?

ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት ጥያቄዋን ይዤ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ላካፍልዎ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሳውዝዌስት እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ላይ መብረር ሲጀምር ያስፋፋው ነው። በኋላ የአውሮፓዎቹ ራያንኤርና ኢዚጄት፣ የባሕረ ሰላጤዎቹ ኤር አረቢያና ፍላይዱባይ ለየራሳቸው አመቻችተው ወሰዱት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው ሲበር ነው፤ መሬት ላይ ሲቆም ወጪ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጣውን መንገደኛ አውርዶ፣ ተጠራርጎ፣ ሌላ ጭኖ ለመነሳት 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሰጠዋል። አብዛኞቹ የሚይዙትም አንድ ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ ወይ ቦይንግ 737 ወይ የኤርባስ 320 ቤተሰብ። እንዲህ ሲሆን የአብራሪው ሥልጠና፣ የመካኒኩ ሙያና የመለዋወጫው መጋዘን አንድ ዓይነት ይሆንና ወጪው ይቀንሳል።

ሌላው ቁጠባ ኤርፖርቱ ነው። ከከተማ ራቅ ያለ ኤርፖርት ክፍያው ቀለል ይላል። «ፓሪስ» ብለው የገዙት ትኬት ቦቬ ላይ ሊያወርድዎት ይችላል፤ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «አዲስ አበባ» ብሎ ከሞጆ ማዶ እንደማውረድ ነው። ከዚያ በተረፈ ምግቡ፣ ሻንጣው፣ የመቀመጫ ምርጫው ሁሉ ለየብቻ ይሸጣል።

ልብ ብለው ከሆነ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጥገናና የአብራሪ እረፍት የሉም። የእነዚህን ዝቅተኛ መለኪያ የሚያወጣውና የሚቆጣጠረው መንግሥት ነው። በአውሮፓ 24 ፓውንድ የከፈለውም 400 የከፈለውም የሚበሩት በአንድ የደህንነት ሕግ ነው። ለምሳሌ ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ የበረራ አስተናጋጅ ሊኖር ግድ ነው። አንድ የአውሮፕላን ሞዴል መንገደኛ እንዲያጓጉዝ ፈቃድ የሚያገኘው ደግሞ፣ ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። አየር መንገዱ ወንበር ማጠጋጋት ቢያምረውም ከተፈቀደው ቁጥር አያልፍም።

ታሪካቸውም ይናገራል። ራያንኤር እ.ኤ.አ. ከ1985፣ ኢዚጄት ከ1995 ጀምሮ እየበረሩ ነው። ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ በሁለቱም በአውሮፕላን አደጋ አንድም መንገደኛ አልሞተም።

እናቴም ግን አልተሳሳተችም

ይህን ስነግራት «ታዲያ አንዱም ወድቆ አያውቅም?» አለች። መዋሸት አልፈለግሁም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ቫሉጄት የተባለ የአሜሪካ ርካሽ አየር መንገድ አውሮፕላን ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወድቆ 110 ሰው ሞቷል። የጥገና ሥራውን በኮንትራት የያዘ ድርጅት በአግባቡ ያልታሸጉ የኦክስጅን ማመንጫዎችን ከጭነቱ ጋር ልኮ እሳት ተነሳ። መርማሪዎቹ ኮንትራክተሩን ብቻ ሳይሆን በቅርብ ያልተከታተለውን አየር መንገድና አየር መንገዱን በቅጡ ያልተቆጣጠረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ወቅሰዋል። ወጪ ለመቆጠብ ሥራን ለሌላ ሰጥቶ ዞር ብሎ አለማየት ነፍስ ያስከፍላል።

ሌላውን ታሪክ ስነግራት ግን ዝም አለች። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ርካሽ አየር መንገድ ላየን ኤር አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞተ። ያኔ ብዙ ጣት ወደ አየር መንገዱ ተቀሰረ፤ በምርመራውም የጥገና ጉድለት ተገኝቷል። ነገር ግን አምስት ወር ሳይሞላ ያው ሞዴል፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ እኛ ዘንድ ወደቀ። የእኛው ርካሽ አየር መንገድ አልነበረም። ሁለቱም ላይ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ቁልቁል የደፋው አንድ ዓይነት የአውሮፕላኑ አሠራር ነበር። ያንን የቲኬት ዋጋ አላመጣውም፤ የቲኬት ዋጋም አያስቀረውም ነበር።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ማን ይቆጣጠረዋል?» የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 የኢንዶኔዥያን አየር መንገዶች ከነብሔራዊ አየር መንገዳቸው በሙሉ ሲያግድ ርካሽና ውድ ብሎ አልለየም፤ ያላመነው የአገሪቱን ቁጥጥር ነበር። ቁጥጥሩ ሲሻሻል እገዳው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ በ2018 ሙሉ በሙሉ ቀረ።

እናቴ ጥቂት አሰበችና «ቁረጪው» አለች።

ድፎ ዳቦውና የብረት ሳጥኑ

ከመሃል ለንደን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ስታንስቴድ ለመድረስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሳን። የኤርፖርቱን ጣሪያ የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች ወደ ላይ ቅርንጫፍ አውጥተው እንደ ዛፍ የቆሙ ናቸው። እናቴ ቀና ብላ «ግራር ይመስላል» አለች። ከሥሩ የተኛው መንገደኛም የግራር ጥላ ያገኘ እረኛ ይመስል ነበር።

ችግራችን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በነጻ የተፈቀደልን ከወንበር ሥር የሚገባ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ናት። እናቴ ግን ለክርስትናው ድፎ ዳቦ ጋግራለች። የቦርሳ መለኪያው የብረት ሳጥን አጠገብ ስንደርስ ዳቦው አልገባም አለ። ለተጨማሪ ቦርሳ የተጠየቅነው ከትኬቱ ይበልጣል። እናቴ ሳትጨነቅ ጋቢዋን ከቦርሳው አውጥታ ለበሰች፤ ነጠላዋን ደረበች፤ ሹራቤን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዳቦውን በጠርዙ አቁማ ከተተችው። ሳጥኑ ዋጠው። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ሳቁ።

ሁለተኛው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ወደ ፍተሻው ሰልፍ ከገባን በኋላ አንዲት ሴት የእናቴን ፓስፖርት አይታ «ማህተም አስመትታችኋል?» አለችኝ። የመሳፈሪያ ካርዱን አወጣሁ። በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦ ከአውሮፓ ውጭ የሆነ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ቪዛው በባንኮኒ ታይቶ ካርዱ ላይ ማህተም ካልተመታ አይሳፈርም። እኔ በእንግሊዝ ፓስፖርቴ ደጋግሜ ስበር ነገሬ ብዬ አላነበብኩትም። እናቴ ከጣሊያን ቆንስላ ያገኘችው የሸንገን ቪዛ ነበራት፤ ያልነበራት ማህተሙ ነው። ተመልሰን ሌላ ሰልፍ፤ 40 ደቂቃ። በመጨረሻ በሩ ሊዘጋ ሲል እየሮጥን ደረስን። የሰማንያ ዓመት ሰው ብትሆን ወይም ጉልበቷን ቢያማት ክርስትናው ያመልጠን ነበር። ስለ ክንፉና ስለ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ተጨንቀን ሊያስቀረን የነበረው አንዲት ማህተም ናት!

ስድስት ደቂቃ

ወንበሩ ወደ ኋላ አይንጋለልም፤ የወንበር ኪስም የለውም። የአደጋ ጊዜ መመሪያው ከፊት ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፏል። እናቴ ከዓይኗ ፊት የተደቀነውን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሥዕል እያየች መቁጠሪያዋን ያዘች።

ስንነሳ ሰዓቷን አየች። እጇን ያዝኩ። ስድስተኛው ደቂቃ ሲያልፍ «አለፈ» ብላ ተነፈሰች።

አልፕስ ተራሮች ላይ አውሮፕላኑ መንገጫገጭ ጀመረ። እጇ እንደገና ጠበቀ። ወዲያው አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች ቡና ስታቀርብ አየችና «ይቺ ልጅ ቡና እየሸጠች ነው፤ ክፉ ነገር ቢኖር ትሸጥ ነበር?» አለችኝ። ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይኸኛው ይሻላል። አውሮፕላን ከዚህ የባሰ መናወጥ እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ በመናወጥ ጊዜ በብዛት የሚጎዳው ቀበቶ ያላሰረ ሰው ነው።

ቤርጋሞ ላይ ጎማው መሬት ሲነካ ጣሊያኖቹ አጨበጨቡ። እናቴም በቀስታ እልል አለች። በአውቶቡሱ መስኮት ኮረብታ ላይ ያለችው አሮጌዋ ከተማ ከነግንቧ ታየች፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ሚላኖ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ደረስን። ከዚያ ብዙም በማይርቀው፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተሰባሰቡበት ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር የወጥ ሽታ ተቀበለን። ድፎ ዳቦው ጠርዙ ትንሽ ተጨፍልቆ ነበር። በክርስትናው ማግስት ፍርፋሪው አልተረፈም።

ከመግዛትዎ በፊት

ብልህ ከሰው ይማራልና የእኛን ድካም አይድገሙት።

የአየር መንገዱን ስም የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው የታገዱ አየር መንገዶች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ። ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው። የትኬቱ ገጽ ላይም በረራውን በእርግጥ የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ያንብቡ፤ አንዳንዴ የሸጠው አንድ፣ የሚያበረው ሌላ ነው።

ጠቅላላ ዋጋውን ይደምሩ፤ ቦርሳ፣ መቀመጫ፣ ወደ ራቀው ኤርፖርት የሚወስድ አውቶቡስ። ቼክ-ኢኑን ቤትዎ ሆነው ይጨርሱ፤ ኤርፖርት ላይ ሊያስከፍል ይችላል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዙ የቪዛ ማረጋገጫ ባንኮኒውን ከፍተሻ በፊት ይጠይቁ። ሁለት የተለያየ ትኬት አገናኝተው የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ ሻንጣዎን ለመቀበል መካከለኛው አገር መግባት ሊኖርብዎ ስለሚችል የዚያንም አገር ቪዛ ይጠይቁ። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፤ ገንዘቡም አይመለስም።

ቦርሳዎን በር ላይ ተቀብለው ወደ ጭነት ክፍል ከላኩት የስልክ ፓወር ባንክዎን ያውጡ፤ እሳት ቢያነሳ ሰው ሊያጠፋው የሚችለው መንገደኞች ባሉበት ክፍል ብቻ ነው።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር ተነስተው ከ1500 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ በረራዎ በአየር መንገዱ ጥፋት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ከደረሰ፣ ትኬቱ 20 ዩሮም ቢሆን 250 ዩሮ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ፣ ውጡ ከተባሉ ቦርሳዎን ጥለው ይውጡ። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ላይ የተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት የወጡት የአስተናጋጆቹን ትእዛዝ ሰምተው፣ ሻንጣቸውን ትተው ነው።

ወደ ለንደን ስንመለስ ቤርጋሞ ኤርፖርት በር ላይ እናቴ ቆም አለች። ስለ ነዳጁ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ማህተሙን አስመትተሻል?» አለችኝ።

ስድስቱን ደቂቃ ግን ዛሬም ትቆጥራለች። እኔም አብሬያት እቆጥራለሁ።