የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ካርዶች

ልጆች ሆይ፤ ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አይቻለሁ፤ የጥንት ገንዘብ የሚሰበስብም አውቃለሁ። እኔ የምሰበስበው ግን የአንድ ሰው መልክ የታተመባቸውን ካርዶች ነው። ይህም ሰው በአሜሪካ አገር ስሙ የገነነ የቤዝቦል ተጫዋች ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው።

ቤዝቦል ማለት አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ መትቶ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። የተጫዋቾቹም መልክ በወፍራም ወረቀት እየታተመ ከማስቲካ ጋራ ለልጆች ይሸጥ ነበር። በካርዱ ፊት መልኩና ስሙ፥ በጀርባው ስንት ጊዜ ኳስ እንደ መታ ይገኛል። ካርድ ሰብሳቢ እጁን ሳይታጠብ ካርዱን አይነካም፤ ጫፉ ከታጠፈ ወይም ቀለም ከነካው ዋጋው ይወድቃልና። እኔስ ገንዘብ ስላልነበረኝ ጫፋቸው ያረጀውን ነበር የምገዛ፤ ቢሆንም እጄን እታጠብ ነበር።

ክሌሜንቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 በፖርቶ ሪኮ ደሴት ተወለደ። አባቱ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ይሠራ ነበር። እርሱም ከ1955 እስከ 1972 ድረስ ለፒትስበርግ ከተማ ቡድን ተጫውቶ፥ በመዝገብ የሚቈጠር ምት 3000 ጊዜ መታ። በዲሴምበር 1972 በኒካራጓ አገር ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ። ክሌሜንቴም የላከው እርዳታ ለተቸገሩት ሳይደርስ እንደሚዘረፍ በሰማ ጊዜ፥ ራሴ አደርሰዋለሁ ብሎ በአውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑም በዚያው ወር በ31 ቀን ማታ ከባሕር ወደቀ፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ካርዶቹን በየዓመታቸው ስደረድር አንድ ነገር ተመለከትሁ። በ1955ና በ1956 የታተሙት «ሮቤርቶ» ይላሉ፤ እነዚያ እጅግ ውድ ናቸውና በመጽሐፍ ብቻ ነው ያየኋቸው። ከ1957 እስከ 1969 ግን ቶፕስ የተባለው አሳታሚ «ቦብ» እያለ አተመው። ቦብ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ የሚቀል ስም ነው፤ እርሱ ግን ሮቤርቶ መባልን ይወድ ነበር። በ1970 ካርድ ላይ ስሙ ተመለሰለት።

የእኔ ስም አምስት ፊደል ነው። አሜሪካ አገር በገባሁ ጊዜ የሥራ አለቃዬ ሁለቱን ብቻ አስቀርቶ ጠራኝ፤ እኔም ስለ እንጀራዬ ፈርቼ አቤት አልሁ። ውሎ ሲያድር ራሴም ስሜን አሳጥሬ መናገር ለመድሁ።

በዚያው በነበርሁበት ከተማ እሑድ እሑድ የአገራችንን ልጆች ፊደል አስቈጥር ነበር። አንድ አዲስ ልጅ መጣና ስሙን ብጠይቀው፥ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት የሚጠሩበትን አጭር ስም ነገረኝ። እኔም ሌላ ሳልጠይቅ እንዲሁ በመዝገቤ ጻፍሁት።

ከዕለታት አንድ ቀን ካርዶቼን ለልጆቹ አሳየኋቸው። ያ ልጅ የ1966ቱንና የ1970ውን ጐን ለጐን አድርጎ ብዙ ከተመለከተ በኋላ፥ «የኔታ፥ ይህ ሰው መንታ ወንድም ነበረውን?» አለኝ።

«የለም ልጄ፤ ሰውዬው አንድ ነው። ስሙን ነው የለወጡበት» አልሁት።

«እርሱ እሺ ብሏቸው ነውን?»

ይህን በጠየቀኝ ጊዜ አፌ ተያዘ። መዝገቤን አነሣሁና፥ «እናትህ በቤት ማን ብላ ትጠራሃለች?» አልሁት። ነገረኝ፤ ስድስት ፊደል ነበረ። እርሱ እያየ የቀደመውን ሰረዝሁና ከበላዩ ሙሉ ስሙን ጻፍሁ።

መዝገቡን አስቀምጬ ብመለስ ልጁ ብዕሬን አንሥቶ፥ በ1966ቱ ካርድ ላይ «ቦብ» የሚለውን ሰርዞ ከበላዩ «ሮቤርቶ» ብሎ በፊደላችን ጽፎበታል። መጀመሪያ ልቈጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ማድረግን ያየው ከእኔ ነው።

ያን ካርድ ዛሬ ማንም አይገዛኝም። ከ1970ው ጐን አስቀምጬዋለሁ፤ «ቤ» የምትለው ፊደል ብቻ ጥቂት ተጣማለች።