ላም፲

«ገበሬ» እና «ገበረ» በላቲን ፊደል ሲጻፉ ልዩነታቸው ይጠፋል። ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በፎገራ ሜዳ ይህ ቀልድ አይደለም።

ፓይተን የተባለው የኮምፒዩተር ማዘዣ ቋንቋ፣ ሦስተኛ እትሙ በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ ለነገሮች በፊደላችን ስም እንድናወጣ ይፈቅዳል፤ የሚሞክረው ሰው ግን ጥቂት ነው። ወረታ ላይ የአክስቴን የወተት ሂሳብ ስሠራ ሞከርኩት። «ከብት» የሚል መደብ ከፈትኩ፤ «የፎገራ_ላም» ጥጃ የእናቷን ጠባይ እንደምትወርስ ከእርሱ ወረሰች። ከላም፩ እስከ ላም፱ ያለ ማጉረምረም ገቡ። ላም፲ ላይ እምቢ አለ! ለካ ዩኒኮድ በስም ውስጥ የሚፈቅደው ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ብቻ ኖሯል። ዜሮ በሌለው በግዕዝ ቁጥር ዐሥር ራሱን የቻለ ምልክት ነውና ከደጅ ቀረ (የቅኔ ቤት ሰዎች ቢሰሙ ይታዘባሉ)።

«ዐሥረኛዋማ ቡሬ ናት፤ ከሁሉ ወተት የምትሰጠኝ እሷ» አለች አክስቴ።

«ቡሬ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገባች።