ቁልፉ ኪሳችሁ ይግባ

በቆሎ ለገፈራ፣ ማለትም ለሳይሌጅ የሚታጨድበት ጊዜ እየደረሰ ስለሆነ ዛሬ በትራክተር ስለሚጎተተው የመኖ ማጨጃ እናውራ። ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት የቀበሌያችን ወተት አምራቾች ተዋጥተው ማሽኑን ተከራዩ። ሥራው ሲጀመር ትራክተሩ ያቃስታል፣ የሚወጣውም መኖ ረጃጅም ነው። እኔ ዲፕሎማዬን ተማምኜ «በቆሎው ደርቆ ነው፣ ቀጥሉ» አልኩ። ሁለት ተጎታች ሙሉ ጉድጓድ ከገባ በኋላ፣ ድሮ ትራክተር ይነዱ የነበሩ አንድ አባት ከመኖው ጭብጥ አንስተው አዩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተቦጨቀ እንጂ አልተቆረጠም። ቢላው ዶልዱሟል» አሉኝ።

አፈርኩ። ሹፌሩ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ፣ ፒቲኦውን እንዳቋረጠ ቢላውን ልዳስስ እጄን ሰደድኩ። እኚያ አባት ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። ለካስ ቢላዎቹ የታሰሩበት ከበሮ ገና እየዞረ ነው! ከባድ ስለሆነ ኃይል ቢቋረጥም ወዲያው አይቆምም። ዛሬ ጣቶቼ ሙሉ የሆኑት በእሳቸው ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ፒቲኦውን አቋርጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ከበሮው ቀጥ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ፦

• ቢላዎቹን አስሉ። የተሰነጠቀ ወይም የተሸረፈ ካለ ቀይሩ።

• ቢላ ሲሳል ስለሚበላ ከማይንቀሳቀሰው ቢላ ይርቃል። የማይንቀሳቀሰውን መልሳችሁ አስጠጉ። ክፍተቱ የማሽኑ መመሪያ እንደሚለው ይሁን፣ በሁለቱም ጫፍ እኩል።

• ቡሎኖቹን አጥብቁና ከበሮውን በጥንቃቄ አዙሩት፣ ስለቱን ግን አትንኩ። ቢላ ከቢላ ከተነካካ እንደገና አስተካክሉ።

• የፒቲኦውን መጋጠሚያዎች ግሪስ ቀቡ፣ መከለያውንም መልሱ። በደቂቃ 540 ወይም 1000 ጊዜ የሚዞር ዘንግ ነው፤ ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ የሚጠጋ አይኑር።

• ማሳው ውስጥ ያለ ድንጋይና ሽቦ ይለቀም። አንድ ድንጋይ የቀኑን ሥራ ያበላሻል።

ማጨድ እንደጀመራችሁ የመጀመሪያውን ጭብጥ እዩ። ለበቆሎ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጫፉ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ቀጥሉ። ከተቦጨቀ አቁሙ።

የኛ ሁለት ተጎታች ምን ሆነ? ረጃጅም መኖ ቢረገጥም በደንብ አይጠቀጠቅም፤ በመሃሉ የቀረው አየር ሻጋታ ያመጣል። በበጋ፣ ሳር በጠፋበት ሰዓት ጉድጓዱ ሲከፈት ያ ጥግ ነጭ ሻጋታ ለብሶ አገኘነው፤ ተዝቆ ተጣለ። ባለላሞቹ ዝም ብለው አዩኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እናንተ ግን ማሽን ስትከራዩ ሥራው ሳይጀመር «እስቲ ቢላውን አሳዩን» በሉ። ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ገንዘቡም መኖውም የናንተ ነው።